የራዳር ኮድን በአልጎሪዝም መንደፍ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶቻችን

ራዳር ሩቅ እንዲያይ ብዙ ጉልበት፣ ተጠጋግተው የቆሙ ሁለት ነገሮችን እንዲለይ ደግሞ ሰፊ ባንድዊድዝ (የፍሪኩዌንሲ ስፋት) ይፈልጋል። የኃይል ማጉያው በአንድ ቅጽበት የሚያወጣው ዋት ገደብ ስላለው ጉልበቱ የሚገኘው ፐልሱን በማስረዘም ነው፤ ተራ ረጅም ፐልስ ግን የተጠጋጉትን ያደበላልቃል። ለዚህ የተገኘው መላ በረጅሙ ፐልስ ውስጥ ኮድ ማስገባት፣ ተመልሶ ሲመጣም ኮዱን በሚያውቅ ማችድ ፊልተር አሳልፎ ወደ አንድ ጠባብ ጫፍ መሰብሰብ ነው። የዚህ እትም ጥያቄዎች በሙሉ ያ ኮድ እንዴት ይመረጥ በሚለው ዙሪያ የመጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ የኤሌክትሪካል ምህንድስና ተማሪ ነኝ። መጽሐፍ ላይ ቺርፕም ባርከር ኮድም ተዘጋጅተው ተቀምጠዋል። ታዲያ ሰው ኦፕቲማይዜሽን ውስጥ የሚገባው ለምንድን ነው? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ለብዙ ሥራ ቺርፕ ይበቃል፤ ከበቃዎት ሌላ አይፈልጉ። ቺርፕ ፍሪኩዌንሲው ወጥ በሆነ ፍጥነት ከታች ወደ ላይ የሚወጣ ፐልስ ነው። ለመሥራት ቀላል ነው፤ ዒላማው ቢንቀሳቀስም አይበላሽም። ችግሩ ያለው ከማችድ ፊልተር ሲወጣ ነው። ከዋናው ጫፍ ግራና ቀኝ ሳይድሎብ የምንላቸው ጉብታዎች ይቀራሉ፤ ከእነሱ ትልቁ ከጫፉ ዝቅ የሚለው በ13.2 ዴሲቤል ብቻ ነው። የጭነት መኪና የሚመልሰው ሞገድ እግረኛ ከሚመልሰው በ20 ዴሲቤል (በኃይል መቶ እጥፍ) ቢበልጥ፣ እግረኛው በመኪናው ሳይድሎብ ሥር ተቀብሮ ይቀራል። በመቀበያው በኩል የሃሚንግ መስኮት ቢያደርጉበት ሳይድሎቡ ወደ 43 ዴሲቤል ዝቅ ይላል። ዋጋው ግን 1.34 ዴሲቤል የሲግናል ኪሳራና በግማሽ ያህል የሰፋ ዋና ጫፍ ነው።

ባርከር ኮድ ደግሞ ቶሎ ያልቃል። ትልቁ 13 ቁራጭ አለው፦ + + + + + − − + + − + − +። እያንዳንዱን ቁራጭ ባለሙያዎች ቺፕ ይሉታል። ጫፉ 13፣ ሳይድሎቡ ከ1 የማይበልጥ ስለሆነ ልዩነቱ 22.3 ዴሲቤል ነው። የሚታወቁት ርዝመቶች 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 7፣ 11 እና 13 ብቻ ናቸው። ከ13 በላይ ጎዶሎ ርዝመት ያለው ባርከር ኮድ እንደሌለ ቱሪንና ስቶረር እ.ኤ.አ. በ1961 አረጋግጠዋል። ስለዚህ ከባርከር የሚያገኙት የጉልበት ትርፍ ቢበዛ 11.1 ዴሲቤል ነው።

ከዚያ በላይ ከፈለጉ ፍለጋ ውስጥ ይገባሉ። 64 ቺፕ ያለው የመደመርና የመቀነስ ኮድ ሊደርስበት የሚችለው ዝቅተኛ ከፍተኛ ሳይድሎብ 4 ነው፤ ይህም 24.1 ዴሲቤል ይሆናል። ግን ሁሉንም ኮድ አንድ በአንድ ልሞክር ቢሉ፣ በሰከንድ አንድ ቢሊዮን የሚፈትሽ ማሽን ይዘው እንኳ ከ580 ዓመት በላይ ይፈጅብዎታል። ቢገለብጧቸው ወይም ምልክታቸውን ቢቀይሩ አንድ ዓይነት ሳይድሎብ የሚሰጡትን ስምንት ስምንት ኮዶች እንደ አንድ ቢቆጥሩም 73 ዓመት ይቀራል። ቺፑ ከመደመርና መቀነስ ተላቆ ማንኛውንም ፌዝ (ሞገዱ በዙሩ ውስጥ ያለበትን ማዕዘን) እንዲይዝ ሲፈቀድለት ደግሞ ቆጥሮ መጨረስ የሚባል ነገር የለም። አልጎሪዝም የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ 64 ቺፕ ያለው የፌዝ ኮድ በፓይተን ነድፌ ሳይድሎቡ ከጫፉ 300 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ወጣልኝ። አማካሪዬ «አይሆንም» አሉኝ፤ ስህተቱ የቱ ላይ እንደሆነ ግን አላገኘሁትም። (ከአዳማ)

መልስ፦ አማካሪዎ ልክ ናቸው፤ ለምን ልክ እንደሆኑም ያለ ኮምፒውተር ይታያል። ኮዱን በራሱ ላይ ሲያንሸራትቱት በመጨረሻው እርምጃ የሚነካኩት የመጀመሪያውና የመጨረሻው ቺፕ ብቻ ናቸው። የሁለቱም መጠን 1 ስለሆነ የብዜታቸውም መጠን 1 ነው፤ ፌዛቸውን እንዴትም ቢያዞሩት ከ1 አይወርድም። ዋናው ጫፍ 64 ነው። 1 ለ64 ማለት 36.1 ዴሲቤል ነው፤ የትኛውም አልጎሪዝም ከዚያ በታች አያወርድዎትም። ለ100 ቺፕ ወለሉ 40፣ ለ1000 ቺፕ ደግሞ 60 ዴሲቤል ነው። ይህን ወለል ሥራ ከመጀመርዎ በፊት ወረቀት ላይ ይጻፉት።

300 ዴሲቤል የኮምፒውተሩ የቁጥር ማጠጋጊያ ስህተት ነው፤ ማለትም በንድፈ ሐሳብ ዜሮ የሆነ ነገር ለክተዋል። ኤፍኤፍቲውን (ሞገድን ወደ ፍሪኩዌንሲዎቹ የሚበትነውን ስሌት) በ64 ነጥብ አስልተው፣ መጠኑን በካሬ አድርገው መልሰው ገልብጠውታል ብለን እንገምታለን። ያ የሚሰጠው ዙሪያውን የሚጠመጠም ኮሪሌሽን (ኮዱ ከተንሸራተተ ቅጂው ጋር ያለው መመሳሰል) ነው፤ ከኮዱ ጅራት ያለፈው ተመልሶ በራሱ ይገባል። በዚህ ልኬት የዛዶፍ ቹ ኮድ የሚባለው የፌዝ ኮድ ሳይድሎቡ ዜሮ ነው፤ የእርስዎም አልጎሪዝም ወደዚያው ዓይነት ኮድ ሄዷል። ኮዱን ያለ ክፍተት እየደጋገመ ለሚልክ ራዳር ይህ ልኬት ትክክል ነው። ፐልስ ልኮ ዝም ለሚል ራዳር ግን አይሠራም።

ማስተካከያው ኮዱን ቢያንስ እስከ 127 በዜሮ መሙላት ነው፤ 128 ቢያደርጉት ለኤፍኤፍቲው ይመቻል። ከዚያ መለኪያዎን በባርከር 13 ይፈትኑት። ጫፉ 13 ሆኖ፣ ቀጥሎ 0፣ 1፣ 0፣ 1 እየተፈራረቀ እስከ መጨረሻው መሄድ አለበት። ሳይድሎቦቹ ሁሉም 1 ከሆኑ አሁንም ዙሪያውን እየቆጠሩ ነው።

ጥያቄ፦ የሶፍትዌር ባለሙያ ነኝ፤ የራዳር ልምድ የለኝም። ከየትኛው አልጎሪዝም ልጀምር? ጄኔቲክ አልጎሪዝም ይሻላል የሚሉ ጽሑፎች አይቻለሁ። (ከዋሽንግተን ዲሲ)

መልስ፦ ፌዙ እንደ ልብ የሚለዋወጥ ኮድ ከሆነ «ካን» በሚባለው ይጀምሩ። ስቶይካ፣ ሄ እና ሊ እ.ኤ.አ. በ2009 ያወጡት አልጎሪዝም ነው፤ ቁም ነገሩ ከአሥር መስመር ፓይተን አይበልጥም። መነሻ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሳይድሎብ የሌለው ኮድ ቢኖር ስፔክትረሙ (ጉልበቱ በየፍሪኩዌንሲው የተከፋፈለበት መልክ) ፍጹም ጠፍጣፋ ይሆን ነበር። ስለዚህ ሳይድሎብን አንድ በአንድ ከማሳደድ ይልቅ ስፔክትረሙን እናስተካክል።

አሠራሩን ለ100 ቺፕ እንየው። መቶ ፌዝ በዘፈቀደ ይምረጡና የእያንዳንዱን ቺፕ መጠን 1 ያድርጉ። ከኋላው 100 ዜሮ ጨምረው የ200 ነጥብ ኤፍኤፍቲ ያስሉ። ከወጡት 200 ቁጥሮች መጠናቸውን ጥለው ፌዛቸውን ብቻ ያስቀሩ፤ በዚህ ስፔክትረሙ ጠፍጣፋ ሆነ። አሁን በተገላቢጦሹ ኤፍኤፍቲ ወደ ጊዜ ይመልሱት። የመጀመሪያዎቹን 100 ይያዙ፣ የቀሩትን 100 ይጣሉ። ከያዟቸውም መጠኑን ጥለው ፌዙን ብቻ ይውሰዱ፤ አዲሱ ኮድዎ ይህ ነው። እንደገና ዜሮ ጨምረው ከላይ ይጀምሩ። አሮጌውና አዲሱ ኮድ እንደ ቬክተር ሲቀናነሱ ልዩነታቸው ከ0.001 ሲያንስ ያቁሙ። በሺህ የሚቆጠር ዙር ሊፈልግ ይችላል፤ ዙሩ ግን ሁለት ትንንሽ ኤፍኤፍቲ ብቻ ስለሆነ ተራ ላፕቶፕ ይበቃዋል።

ሰው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች የታወቁ ናቸው። አንደኛው ሁለተኛውን ግማሽ መጣል መርሳት ነው፤ ያን ጊዜ ኮዱ ሳይታወቅዎት ወደ 200 ይረዝማል። ሌላው በየዙሩ የሳይድሎቡን ድምር እየለኩ አንዳንዴ ትንሽ ከፍ ሲል መደንገጥ ነው። አልጎሪዝሙ በየዙሩ መቀነሱ የተረጋገጠለት በስፔክትረሙና በጠፍጣፋው መካከል ያለው ርቀት እንጂ የሳይድሎቡ ድምር ራሱ አይደለም፤ ሁለቱ በጣም ይቀራረባሉ እንጂ አንድ አይደሉም። ከሁሉ የሚብሰው ግን አንዴ ብቻ አስኪዶ የወጣውን መውሰድ ነው። መልሱ በመነሻው ላይ ስለሚወሰን ከጥቂት መቶ የተለያዩ መነሻዎች ያስኪዱና ከሁሉም የተሻለውን ይምረጡ። ከእነዚያ መነሻዎች ቢያንስ አንዱን ፌዙ በካሬ የሚያድግ፣ ማለትም ቺርፕ መሰል ኮድ ያድርጉት። ከዘፈቀደ መነሻ ይልቅ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ሳይድሎብ ይሰጣል፤ ለእንቅስቃሴም የበለጠ ይታገሳል። የዘፈቀደው መነሻ ጥቅሙ ሌላ ነው፤ በየጊዜው አዲስ ኮድ ስለሚያወጣ ጎን ለጎን የሚሠሩ ራዳሮች እንዳይምታቱ ይረዳል።

ኮዱ መደመርና መቀነስ ብቻ እንዲሆን ከተገደዱ ካን አይመችም። እዚያ የሚያዋጣው አንድ ቺፕ ገልብጦ ማየት ነው። ቺፕ ሲገለብጡ ሁሉንም ኮሪሌሽን ከአዲስ አያስሉ። የተገለበጠውን ቺፕ የቀድሞ ዋጋ በግራና በቀኝ በእኩል ርቀት ባሉት ሁለት ቺፖች ድምር ያባዙት፣ በ2 ያባዙት፣ ከዚያ ርቀት ኮሪሌሽን ላይ ይቀንሱት፤ ከጫፍ ውጭ የወደቀውን ቺፕ ዜሮ ብለው ይቁጠሩት። በዚህ ለ64 ቺፕ በሺዎች ይሆን የነበረው ስሌት ወደ ጥቂት አሥሮች ይወርዳል። ከ64ቱ ግልበጣ የተሻለውን ይቀበሉ፤ የሚያሻሽል ሲጠፋ ጥቂት ቺፖችን በዘፈቀደ ገልብጠው ይቀጥሉ። ሲሙሌትድ አኒሊንግ (ሙቀት በሚባል ቁጥር እየተመራ አንዳንዴ መጥፎ እርምጃም የሚቀበል ፍለጋ) ከመረጡ የመነሻውን ሙቀት ከመጥፎ እርምጃዎች አብዛኞቹ ተቀባይነት እስኪያገኙ ከፍ አድርገው፣ ቀስ እያሉ በየደረጃው በ0.95 ወይም በ0.99 ያባዙት።

ጄኔቲክ አልጎሪዝምን እኛ ለዚህ ሥራ በመጀመሪያ አንመርጠውም። ዘዴው የሚጠቅመው የሁለት ጥሩ ወላጆች ግማሽና ግማሽ ሲጋጠም ጥሩ ልጅ የሚወጣ ከሆነ ነው። የኮሪሌሽን ባሕርይ ግን የመጀመሪያው ግማሽ ቺፖች ከሁለተኛው ግማሽ ቺፖች ጋር በሚያደርጉት ብዜት ላይም ይቆማል። ሁለቱን ሲያጋጥሙ ያ ግንኙነት ይፈርሳል፤ ልጁም አብዛኛውን ጊዜ በዘፈቀደ ከተመረጠ ኮድ ብዙም አይሻልም። ግቡ ለስሌት የማይመች፣ በሲሙሌሽን ብቻ የሚለካ ከሆነ ጄኔቲክ አልጎሪዝም ቦታ አለው።

ጥያቄ፦ አንዳንድ ጽሑፍ የሳይድሎቦችን ድምር ይቀንሳል፣ ሌላው ትልቁን ሳይድሎብ። ሥራዬ ዝናብን መለካት ላይ ነው። የትኛውን ልያዝ? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ለዝናብ ድምሩን። ዝናብ አንድ ነጥብ ሳይሆን በኪሎ ሜትር የተዘረጋ ነገር ስለሆነ በእያንዳንዱ ርቀት ላይ የሚያዩት ቁጥር ከሁሉም ሳይድሎብ የሚፈስሰው ድምር አለበት። ትልቁ ሳይድሎብ 40 ዴሲቤል ዝቅ ቢልም፣ ሁለት መቶ እንደዚያ ያሉ ሳይድሎቦች ሲደመሩ 17 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይርቃሉ። ከባድ ዝናብ ካለበት ቀጥሎ ካፊያ ቢኖር ካፊያውን በብዙ እጥፍ አጋንነው ይመዘግቡታል። ስለዚህ የአየር ሁኔታ ራዳር ከምንም በፊት ድምሩን ይፈልጋል። አውሮፕላን ወይም መኪና የሚፈልግ ሰው ግን ትልቁን ሳይድሎብ ይያዝ፤ እሱን የሚጎዳው አንድ ጉብታ ተነስቶ ሌላ አውሮፕላን መምሰሉ ነው።

ትልቁን ሳይድሎብ በቀጥታ መቀነስ አስቸጋሪ የሚሆነው አንዱን ጉብታ ሲጫኑት ሌላው ስለሚነሳ፣ አልጎሪዝሙም በሁለቱ መካከል ስለሚዋልል ነው። መላው እያንዳንዱን ሳይድሎብ ከካሬ ከፍ ወዳለ ደረጃ አንስቶ መደመር ነው። በ2 ይጀምሩ፣ ሲረጋ ውጤቱን መነሻ አድርገው ወደ 4፣ ወደ 8፣ ወደ 16 ይሂዱ። በቀጥታ በ16 ከጀመሩ ግን ፍለጋው ቅርብ ያገኘው ጉድጓድ ውስጥ ተቀርቅሮ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የራዳር መሣሪያ መግዛት ስላልቻልኩ በላፕቶፕ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን እየሞከርኩ ነው። 8 ኪሎኸርዝ ላይ፣ በሰከንድ 4000 ቺፕ፣ 127 ቺፕ ያለው ኮድ። ግድግዳው ቁልጭ ብሎ ይታያል፤ ሰው ሲራመድ ግን ጨርሶ አይታይም። (ከጎንደር)

መልስ፦ ግሩም ሙከራ ነው፤ የገጠመዎትም ነገር ኮድ ነዳፊዎች ሁሉ ሊያዩት የሚገባ ነው። ኮድዎ 31.75 ሚሊ ሰከንድ ይረዝማል። በሰከንድ 1 ሜትር ወደ እርስዎ የሚራመድ ሰው የመለሰው ድምፅ፣ የድምፅ ፍጥነት በሰከንድ 343 ሜትር ሲያዝ፣ በ47 ኸርዝ ያህል ከፍ ብሎ ይመጣል። በአንድ ኮድ ጊዜ ውስጥ ፌዙ 1.48 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። ማችድ ፊልተሩ ቺፖቹን ሲደምር የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ይጠፋፋሉ፤ ጫፉ በ13 ዴሲቤል ያህል ይወርዳል፣ ሳይድሎቦቹም እንደነበሩ አይቆዩም። በድምፅ ላይ ደግሞ ተጨማሪ ጣጣ አለ። ኮዱ ራሱ በ0.58 በመቶ ስለሚጨመቅ መጨረሻው ሲደርስ ሦስት አራተኛ ቺፕ ያህል ቦታውን ስቷል። በሬዲዮ ሞገድ ይህ መጨመቅ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ሦስት መንገድ አለዎት። ኮዱን ወደ 31 ቺፕ ያሳጥሩት፤ መዞሩ ወደ 0.36 ይወርዳል፣ ኪሳራውም 2 ዴሲቤል ያህል ብቻ ይሆናል። ወይም 127ቱን ይዘው በመቀበያው በኩል በየ0.34 ሜትር በሰከንድ የተለያዩ ሰባት ፊልተሮች ያዘጋጁ፤ ከመቅረብ 1 ሜትር እስከ መራቅ 1 ሜትር ድረስ ይሸፍናሉ። ፊልተሮቹን ፌዝ በማዞር ብቻ ሳይሆን ኮዱን ጨምቀውና ለጥጠው ይሥሩዋቸው። ሦስተኛው በግቡ ውስጥ እንቅስቃሴን ማስገባት ነው፤ አልጎሪዝሙ ሳይድሎቡን በቆመ ዒላማ ብቻ ሳይሆን በአምስት ወይም በሰባት ፍጥነቶች አስልቶ ከሁሉ የከፋውን እንዲቀንስ ያድርጉ። ከዚህ ግን ተአምር አይጠብቁ። ዉድዋርድ እ.ኤ.አ. በ1953 እንዳሳየው የርቀትና የፍጥነት ሳይድሎቦች ጠቅላላ ይዘት አይቀንስም፤ ከአንድ ቦታ ሲጠርጉት ሌላ ቦታ ይከመራል። ማድረግ የሚቻለው ዒላማ ወደማይኖርበት ፍጥነትና ርቀት መግፋት ነው።

ለንጽጽር ያህል፣ በ9.4 ጊጋኸርዝ ላይ 12.8 ማይክሮ ሰከንድ የሚረዝም ኮድ በሰከንድ 250 ሜትር ከሚበር አውሮፕላን ሲመለስ የሚዞረው 0.2 ጊዜ ብቻ ነው፤ ኪሳራው 0.6 ዴሲቤል ያህል ነው። የእርስዎ እግረኛ ከአውሮፕላን የበለጠ ፈታኝ ነው።

ጥያቄ፦ የነደፍኩት ኮድ በሲሙሌሽን ጥሩ ነበር። ሃርድዌር ላይ ሲጫን ሳይድሎቡ ተነሳ፤ ስፔክትረሙም ከባንዱ ወጥቶ ፈሰሰ። (ከሐይፋ)

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ምክንያቶች አሉ። የመጀመሪያው ሳይድሎቡን የሚያነሳው የፌዝ ማጠጋጋት ነው። ፌዝ ቀያሪው 3 ቢት ከሆነ በየ45 ዲግሪው፣ 6 ቢት ከሆነ በየ5.6 ዲግሪው ብቻ ይቆማል። ለ100 ቺፕ ማጠጋጋቱ ብቻውን ከጫፉ አጠገብ የሚፈጥረው አማካይ ሳይድሎብ በ3 ቢት 30፣ በ4 ቢት 36፣ በ6 ቢት 48 ዴሲቤል ዝቅ ብሎ ይገኛል። ከፍ ከፍ የሚሉት ጉብታዎች ከአማካዩ ጥቂት ዴሲቤል ይበልጣሉ። እያንዳንዱ ቢት 6 ዴሲቤል ይሰጣል። ስለዚህ ለ3 ቢት መሣሪያ 38 ዴሲቤል የሚሰጥ ኮድ ነድፎ መጨረሻ ላይ ማጠጋጋት ልፋትን መጣል ነው። ካን የሰጠዎትን አጠጋግተው እንደ መነሻ ይያዙት፤ ከዚያ ቺፕ በቺፕ እየሄዱ ከተፈቀዱት ስምንት ፌዞች የሚሻለውን ይምረጡ። ሁለት ሦስት ዙር ሲሄዱ ከጠፋው ብዙው ይመለሳል።

ስፔክትረሙ የፈሰሰው በኃይል ማጉያው ነው። ፌዙ ድንገት በ180 ዲግሪ ሲዘል፣ ከማጉያው በፊት ያለው ፊልተር መጠኑን ወደ ዜሮ ያወርደዋል። እስከ ጣሪያው የተገፋ ማጉያ ደግሞ ያን ጉድጓድ ቆርጦ ያስተካክለዋል፤ ቆረጣውም ፊልተሩ የጠረገውን ስፔክትረም መልሶ ያመጣል። መድኃኒቱ ዝላዩን ማስወገድ ነው። ከቺፕ ወደ ቺፕ ፌዙን በቀጥታ መስመር እንዲሸጋገር ካደረጉት ኮዱ ወደ ፍሪኩዌንሲ ሞጁሌሽን ይለወጣል፤ መጠኑም አይነቃነቅም። በኬንሰስ ዩኒቨርሲቲ የብለንት ቡድን በዚህ መንገድ ብዙ ሠርቷል። ልብ ይበሉ፦ ከተሸጋገረ በኋላ ያለው ሞገድ ከመጀመሪያው ኮድ ስለሚለይ ኦፕቲማይዜሽኑ መካሄድ ያለበት በሽግግሩ ሞገድ ላይ ነው፤ ለዚህም ለእያንዳንዱ ቺፕ ቢያንስ አራት ናሙና ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ አራት አንቴናዎች በአንድ ጊዜ አራት የተለያዩ ባለ 128 ቺፕ ኮዶች እንዲልኩ እፈልጋለሁ። ሁሉም ሳይድሎብና የእርስ በርስ መነካካቱ ከ35 ዴሲቤል በታች እንዲሆን አልጎሪዝሙን ሳምንት አስኬድኩት፤ አልተሳካም። (ከስቱትጋርት)

መልስ፦ ዓመትም ቢያስኬዱት አይሳካም። ዌልች እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣው ወሰን መሠረት ለአራት ኮድና ለ128 ቺፕ፣ ከሳይድሎቡና ከመነካካቱ የሚከፋው ከ25.3 ዴሲቤል በታች ሊወርድ አይችልም። መውጫው ሁሉንም ርቀት አለመፈለግ ነው። ዒላማዎችዎ በመጀመሪያዎቹ 15 ቺፕ ርቀት ውስጥ የሚቀራረቡ ከሆነ ለእነዚያ ብቻ ክብደት ሰጥተው የቀረውን ዜሮ ያድርጉት፤ በዚያ መስኮት ውስጥ ከወሰኑ በብዙ ዝቅ ማለት ይቻላል። ካልሆነ አንቴናዎቹን በተራ ማስተላለፍ ወይም ኮዱን ማስረዘም ይቀራል።

ጥያቄ፦ ከባንዳችን መሃል ሌላ አገልግሎት አለ። ኮዱ እዚያ ላይ ዝም እንዲል ማድረግ ይቻላል? (ከአቡ ዳቢ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ካን ላይ ስፔክትረሙን ጠፍጣፋ ሲያደርጉ የዚያን ክፍል ነጥቦች ወደ ዜሮ መግፋት ነው። ዋጋውን ግን አስቀድመው ይወቁ። ከባንዱ 10 በመቶ ቢቆርጡ ከጫፉ አጠገብ ያለው ሳይድሎብ ከጫፉ 19 ዴሲቤል ያህል ብቻ ዝቅ እስከሚልበት ይነሳል፤ ይህም የአልጎሪዝም ድክመት ሳይሆን ከስፔክትረሙ ቅርጽ የሚመጣ ነው። ጉድጓዱን ከባንዱ ዳር ማድረግ ከቻሉ ከመሃል በጣም ይሻላል፤ ዳር ላይ ከሆነ የቀረው ባንድ ሳይከፈል ስለሚቆይ የሚያጡት ጥቂት የርቀት መለያ አቅም ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ፕሉቶ ኤስዲአር (በሶፍትዌር የሚታዘዝ ትንሽ ሬዲዮ) አለኝ። የነደፍኩትን ኮድ በአየር ላይ መሞከር እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ከኬብል። ማስተላለፊያውን ከመቀበያው ጋር በ30 ወይም በ40 ዴሲቤል ማዳከሚያ ያገናኙ፤ ያለ ማዳከሚያ ማገናኘት መቀበያውን ሊጎዳ ይችላል። በአየር ላይ ለማስተላለፍ ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን የፍሪኩዌንሲ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ያለ ፈቃድ አንቴና አይሰኩ። ሃክአርኤፍ የሚባለው ተመሳሳይ ሬዲዮ ያላችሁ ሌሎች አንባቢያን ደግሞ ያ መሣሪያ በአንድ ጊዜ ማስተላለፍና መቀበል እንደማይችል እወቁ፤ ለዚህ ሙከራ ሁለት ያስፈልጋችኋል።

በሰከንድ 20 ሚሊዮን ናሙና፣ ለአንድ ቺፕ አራት ናሙና ቢያደርጉ በሰከንድ 5 ሚሊዮን ቺፕ ይሆናል፤ የርቀት መለያው 30 ሜትር ነው። 64 ቺፕ 12.8 ማይክሮ ሰከንድ ይፈጃል፤ በሚያስተላልፉበት ጊዜ መቀበያው ከታፈነ እስከ 1920 ሜትር ያለው አይታይም። የመሣሪያው ዩኤስቢ 2.0 በሰከንድ 80 ሜጋባይት ያለ ማቋረጥ ማሳለፍ ስለማይችል ተከታታይ ቅጂ አይሞክሩ፤ ናሙናዎች ሳይነገርዎት ይጠፋሉ። ኮዱን እየደጋገመ እንዲልክ አዝዘው፣ አንድ ቋት ብቻ ሞልተው ያንብቡ።

የመጀመሪያው ሙከራ ባርከር 13 ይሁን፤ 22.3 ዴሲቤል ካላገኙ ችግሩ ከኮድዎ ሳይሆን ከመሣሪያው አደራረግ ነው። ማስተላለፊያውና መቀበያው አንድ ሰዓት ስለሚጋሩ የፍሪኩዌንሲ ልዩነት አይኖርም፤ በመሃል ላይ የሚታየውን ቋሚ ቮልቴጅ ግን አማካዩን ቀንሰው ያስወግዱት። ሳይድሎቡ ከዚያ በኋላም ከሲሙሌሽኑ ከፍ ካለ፣ በኬብል የቀዱትን ሞገድ ራሱን ለማችድ ፊልተሩ መነሻ አድርገው ይጠቀሙበት። መቶ ድግግሞሽ ሰብስበው አማካዩን ቢወስዱ ኖይዙ በ20 ዴሲቤል ይወርዳል፤ የመሣሪያው ፊልተሮች ያመጡት መዛባትም ከኮዱ ጋር አብሮ ስለተመዘገበ ከስሌቱ ውጭ አይቀርም።